«ከሸፈ» እና «ነከሰ»፦ የሽጉጥን አስተማማኝነት ስለሚገልጹ ቃላት

በቅርቡ አንድ የመሣሪያ አያያዝ መምሪያ ረቂቅ ትርጉም አስተያየት እንድንሰጥበት ቀርቦልን ነበር። ያዘጋጀውን ክፍል ስም መጥቀስ ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልግም። ከምዕራፎቹ አንዱ ሽጉጥ ዘወትር በወገቡ ይዞ ለሚንቀሳቀስ ሰው ሪቮልቨር ይሻለዋል ወይስ ጥይቱ በእጀታው ውስጥ በካዝና የሚቀመጥ ሽጉጥ የሚለውን ጥያቄ ያነሣል። በአንዱ ገጽ ላይ «ሪቮልቨር ሲከሽፍ ምላጩን ደግሞ መሳብ ይበቃል» የሚል ዐረፍተ ነገር አነበብን። ሁለት ገጽ አለፍ ብሎ ደግሞ «ሪቮልቨር ሲከሽፍ ወደ መሣሪያ ጠጋኝ ከመውሰድ በቀር መፍትሔ የለውም» ይላል። ተማሪው የትኛውን ይመን? ዋናውን ጽሑፍ ስንመለከት ደራሲው አልተሳሳተም። በሁለት የተለያዩ ቃላት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ተናግሯል። ተርጓሚው ግን ሁለቱንም በ«ከሸፈ» አጠቃሏቸዋል።

ስሕተቱ የተርጓሚው ብቻ ቢሆን ኖሮ በኅዳግ ላይ አርመን እንመልሰው ነበር። ነገሩን ወደዚህ መጽሔት ያመጣነው፣ በየጊዜው በምናያቸው የሙያ ቃላት ዝርዝሮች ውስጥም ይኸው መደበላለቅ ስላጋጠመን ነው። ከዚህም ሌላ፣ ሁለቱን ነገሮች የሚለዩ ቃላት በአማርኛ ሳይኖሩ ቀርተው አይደለም። አሉ፤ በሚገባም የተለዩ ናቸው። ይህን ያስረዱን መጻሕፍት ሳይሆኑ ሰዎች ናቸው።

ከቀበና ወንዝ ማዶ ተነሥቶ በየካ ሚካኤል በኩል እስከ ኮተቤ የሚዘልቀው፣ በስተሰሜን በእንጦጦ ተራራ የሚወሰነው አካባቢ ለጦር መሣሪያ ቃላት አጥኚ የተመቸ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ ዐፄ ምኒልክ ለውጭ መንግሥታት መልእክተኞች የሰጧቸው ሰፋፊ ቦታዎች በአብዛኛው በዚሁ ተዳፋት ላይ ይገኛሉ። የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝ፣ የሩሲያና የኢጣልያ ኤምባሲዎች በዛሬው የካ ክፍለ ከተማና በአዋሳኙ ተጎራብተው ይኖራሉ፤ ከመካከላቸውም አንዱ «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» ለሚባለው ሰፈር ስሙን አውርሷል። እነዚህ አገሮች መሣሪያ ሲያስገቡ ቃልም አስገብተዋል። «ውጅግራ» እና «መትረየስ» ከፈረንሳይኛ፣ «ስናድር» ከእንግሊዝኛ የመጡ ናቸው። መካኒኩም መሣሪያ ጠጋኙም የሚጠራት «ሞላ» ኢጣልያንኛ ናት። «ማካሮቭ» ደግሞ የሩሲያዊው የመሣሪያ ሠሪ ስም ነው። ይሁን እንጂ ከውጭ የመጡት በአብዛኛው የዕቃ ስሞች እንደሆኑ እናስተውል። መሣሪያው የሚያደርገውንና የሚሆነውን የሚናገሩት ግሦች አገር ውስጥ የበቀሉ ናቸው።

«ሽጉጥ» የሚለው ስም ራሱ ከ«ሸጎጠ» የወጣ ነው። በመቀነት፣ በብብት ወይም በቀበቶ መካከል የሚሸጎጥ ማለት ነው። እንግዲህ አማርኛ ይህን መሣሪያ የሰየመው በአተኳኮሱ ሳይሆን በአያያዙ ነው። ስለ ዘወትር መያዝ የሚነሣው ጥያቄ በስሙ ውስጥ አስቀድሞ ተቀምጧል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ግሦቹን ስንመረምር ደግሞ የቋንቋው ተናጋሪ መሣሪያውን እንደ አፍ ያየው መሆኑን እንረዳለን። ጥይት የሚወጣበት ጫፍ «አፈ ሙዝ» ይባላል። ጥይት መጨመር «ማጉረስ» ነው፤ የሚይዘውም የጥይት ብዛት «ባለ ስድስት ጎራሽ»፣ «ባለ ስምንት ጎራሽ» እየተባለ ይቈጠራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በፋሲካ ማግስት በመቅደላ ከንግሥት ቪክቶሪያ በተላከላቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን ሲያሳልፉ ሕዝቡ የተናገረው «ሽጉጣቸውን ጠጡ» ብሎ ነው። ከዚሁ ወገን የሆነው «ነከሰ» ግን እስከምናውቀው ድረስ በሙያ ቃላት ዝርዝሮች ውስጥ ተገቢውን ቦታ አላገኘም።

ቃሉን በዚህ ፍቺው አጥብቀን የጠየቅነው በእንጦጦ መውጫ ላይ ለረጅም ዘመን በጥበቃ ሥራ የኖሩ አንድ አዛውንት ነው። ስለ አንድ ማታ ተኩስ ሲያጫውቱን «ብረቱ ነከሰበት» አሉ። «አባባ፣ ከሸፈበት ማለትዎ ነው?» ብንላቸው፣ «የለም ልጄ፣ መክሸፍ ሌላ ነው፣ መንከስ ሌላ። የከሸፈ እንደሆነ ጥይቱ ነው፤ የነከሰ እንደሆነ ብረቱ ነው» ብለው መለሱልን። በኋላም በኮተቤና በፈረንሳይ ለጋሲዮን ያነጋገርናቸው ሌሎች ሰዎች፣ ከእነርሱም ውስጥ በውትድርና የቈዩ ነበሩ፣ ልዩነቱን በዚሁ መልክ አረጋገጡልን።

የአዛውንቱ አነጋገር በመካኒክ ዓይን ሲታይም ትክክል ነው። ጥይት የሚተኮሰው መምቻው በቀለሁ ግርጌ ያለችውን አቀጣጣይ ሲመታት፣ እርሷም ባሩዱን ስታነድደው ነው። አቀጣጣይዋ ከረጠበች፣ ካረጀች ወይም ምቱ ከላላ፣ ምላጩ ተስቦና መምቻው ወርዶ ድምፅ ሳይሰማ ይቀራል። ይህ መክሸፍ ነው። መንከስ ግን የእንቅስቃሴ መታጐል ነው። ጥይቱ ወደ ማደሪያው ሲገባ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀረቀራል፤ ወይም ባዶው ቀለህ ሊወጣ ሲል ብረቱ ይዞ ያስቀረዋል፤ አለዚያም ሁለት ጥይት በአንድ ጊዜ ሊገባ ይታገላል። አፍ ጎርሶ ሳይውጥ ወይም ሳይተፋ እንደመቅረት ያለ ነው። ስለዚህ «ነከሰ» የሚለው ግሥ ከ«ጎረሰ» ጋር ተያይዞ የበቀለ እንጂ በዘፈቀደ የተነገረ አይመስለንም።

አሁን ወደ ሁለቱ የሽጉጥ ዓይነቶች እንመለስ። ሳሙኤል ኮልት እ.ኤ.አ. በ1836 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሪቮልቨር፣ ጥይቶቹ እያንዳንዳቸው በየማደሪያቸው የሚቀመጡበት የሚሽከረከር ክብ ብረት አለው። በኋላ በተሠሩትና ምላጭ በመሳብ ብቻ በሚሠሩት ሪቮልቨሮች ላይ፣ ምላጩ ሲሳብ ክቡ ብረት ይዞራል፣ መምቻው ወደ ኋላ ተስቦ ይወርዳል። ኃይሉን የሚሰጠው የሰውዬው ጣት ነው። ሌላው ዓይነት ከ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀው ሲሆን፣ አንዱ ጥይት ሲተኮስ የሚፈጥረው ግፊት የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ብረቱም ባዶውን ቀለህ አውጥቶ ይጥልና በሞላ ተገፍቶ ሲመለስ ከካዝናው አዲስ ጥይት ይዞ ወደ ማደሪያው ያስገባል። እዚህ ላይ ኃይሉን የሚሰጠው ጥይቱ ራሱ ነው።

ይህን ሁለተኛውን ሥራ አማርኛ «ማቀባበል» ይለዋል። ቃሉ ከ«ተቀበለ» የወጣ ሲሆን፣ አንዱ የሰጠውን ሌላው እንዲቀበል ማድረግን ያመለክታል፤ ካዝናው ይሰጣል፣ ማደሪያው ይቀበላል። ለመተኮስ የተዘጋጀው መሣሪያም «የተቀባበለ ሽጉጥ» ይባላል። ከዚህ የተሻለ የሙያ ቃል ብንፈልግ እንኳ የምናገኝ አይመስለንም። ልብ ብሎ ላየው ሰው የክርክሩ ፍሬ ነገር በዚህ ቃል ውስጥ አለ። ሪቮልቨር ይጎርሳል እንጂ አያቀባብልም፤ እያንዳንዱ ጥይት ከጎረሰበት ቦታ ሳይወጣ እዚያው ይተኮሳል። ባለ ካዝናው ሽጉጥ ደግሞ እያንዳንዱን ጥይት ማቀባበል አለበት። ጥይት የሚነከሰውም በመቀባበል ጊዜ ነው።

ለመክሸፍ የሁለቱ መልስ የተለያየ ነው። በሪቮልቨር ላይ አንድ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን ደግሞ መሳብ ቀጣዩን ጥይት ያመጣል፤ የከሸፈው በማደሪያው ውስጥ ሆኖ ዞር ይላል። በባለ ካዝናው ላይ የከሸፈው ጥይት በቦታው ተቀምጦ መንገዱን ይዘጋል፤ ተንሸራታቹን ብረት በሁለተኛው እጅ ስቦ ማስወጣትና እንደገና ማቀባበል ያስፈልጋል። የሠለጠነ ሰው ይህን በቅጽበት ያደርገዋል። ያልሠለጠነው ወይም አንድ እጁ የተያዘበት ሰው ግን ይቸገራል። እንግዲህ የረቂቁ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ስለ እውነተኛው መክሸፍ ስለሚናገር ትክክል ነው።

መንከስን በተመለከተ ነገሩ ይገለበጣል። ባለ ካዝናው ሽጉጥ የሚነክስባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። የካዝናው ከንፈር መጣመም፣ የሞላው መድከም፣ ኃይሉ የቀነሰ ጥይት፣ ቆሻሻ፣ እጀታውን ላላ አድርጎ መያዝ ሁሉ ያስነክሱታል። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ተጠያቂው ካዝናው ነው። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ እዚያው በእጅ ይፈታል። ሪቮልቨር የሚነክሰው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲነክስ ግን አጥብቆ ነው። የጥይቱ እርሳስ በርግጫው ኃይል ከቀለሁ ወደ ፊት ሾልኮ ክቡ ብረት እንዳይዞር ቢያግደው፣ ቀለህ አውጪው ኮከብ ሥር ቆሻሻ ቢገባ፣ የቀለህ መግፊያው ዘንግ ቢጎብጥ፣ ወይም የክቡ ብረት መዞሪያ ልክ ቢዛባ፣ ምላጩ ጨርሶ አልሳብ ይላል። ይህን በመንገድ ላይ ማስተካከል ዘበት ነው። የረቂቁ ሁለተኛ ዐረፍተ ነገር የሚናገረው ስለዚህ ነበር። «ሪቮልቨር ሲነክስ» ተብሎ ቢተረጐም ኖሮ ከፊተኛው ጋር ባልተጋጨ ነበር።

በአገራችን ሁለቱም ዓይነቶች ጎን ለጎን ታይተዋል። በ1928 ዓ.ም. ከወረረን የኢጣልያ ጦር ጋር ሁለቱም ገብተዋል፤ ባለ ስድስት ጎራሹ የ1889 እ.ኤ.አ. ቦዴዮ ሪቮልቨርና ካዝናው ሰባት ጥይት የሚይዘው የ1934 እ.ኤ.አ. ቤሬታ በኢጣልያኖቹ ወገብ ላይ ነበሩ። በኋላም በደርግ ዘመን የሶቪየት መሣሪያ በብዛት ሲገባ ባለ ስምንት ጎራሹ ማካሮቭ ተለመደ፤ ሪቮልቨርም እየቀነሰ ሄደ። ዛሬ በፖሊስ መግለጫዎች የሚጠቀሱት «ማካሮቭ»፣ «ስታር» እና «ቱርክ ሠራሽ» የሚባሉት ሽጉጦች ባለ ካዝና ናቸው። ወጣቱ የ«ጎራሽ»ን ቍጥር እንጂ የክቡን ብረት መዞር ያየው በፊልም ብቻ ነው።

በውጭ አገርም ባለ ካዝናው ያሸነፈው በአስተማማኝነቱ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 የተቀበለው የብራውኒንግ ሽጉጥ ከመመረጡ በፊት 6000 ጥይት ያለ እንከን እንደተኮሰ የታወቀ ነው። ሆኖም የአሜሪካ ፖሊሶች ከዚያ በኋላም ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሪቮልቨርን አልተዉም፤ የኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ ወደ ባለ ካዝናው መሻገር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1986 በማያሚ በተደረገው ተኩስ ሁለት የፌዴራል የምርመራ ቢሮ ባልደረቦች ከሞቱ በኋላ ሪቮልቨር የተነቀፈው ነከሰ ወይም ከሸፈ ተብሎ ሳይሆን፣ የሚይዘው ጥይት ጥቂት፣ እንደገና ማጉረሱም ዘገምተኛ ነው ተብሎ ነው። እነዚህም ሌላ ጉዳይ ስለሆኑ ከአስተማማኝነት ጋር መደባለቅ የለባቸውም።

ዘወትር የሚሸጎጥ ሽጉጥ ደግሞ ከወታደር መሣሪያ የተለየ ጠባይ አለው። አይተኮስበትም፤ ይከርማል። ላብ፣ የልብስ ብናኝና አቧራ ይጠራቀሙበታል። በእንጦጦ ሥር እንደሚወርደው ባለ የክረምት ዝናብና ጉም ውስጥ ሳይወለወል የሰነበተ ብረት ይዝጋል። ጥይቱም አብሮት ያረጃል፤ ያረጀ ጥይት ደግሞ ከመክሸፉ በላይ ኃይሉ ስለሚቀንስ ተንሸራታቹን ብረት በሚገባ ሳይገፋው ይቀርና መንከስን ያስከትላል። በእኛ አስተያየት፣ ሕጋዊ ፈቃድ ይዞ ሽጉጥ የሚሸጉጥ፣ ነገር ግን የማይለማመድና የጥይቱን ዕድሜ የማያውቅ ሰው፣ ከመክሸፍ ፈጥኖ የሚያወጣው ሪቮልቨር ይሻለዋል። የሚወለውል፣ ጥይቱን የሚለውጥና ማቀባበልን የለመደ ሰው ግን ከባለ ካዝናው የሚያገኘው ጥቅም ይበልጣል። ምርጫው የቋንቋ ሊቅ ሥራ አይደለም ለሚለን መልሳችን፣ ቃላቱ ሳይለዩ ምርጫውን መናገር እንደማይቻል በረቂቁ አይተናል የሚል ነው።

መደበላለቁ ከየት መጣ? እንደሚመስለን «ከሸፈ» በዘይቤ ፍቺው እጅግ ስለ ሰፋ ነው። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ «ከሸፈ» ተባለ፤ ሤራ «አከሸፉ» ማለት የዜና ቋንቋ ሆነ፤ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ2005 ዓ.ም. «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ» የሚለውን መጽሐፍ ካሳተሙ ወዲህ ደግሞ ቃሉ የታሪክና የፖለቲካ ክርክር መፍቻ ሆኗል። ይህ መስፋፋት የቋንቋ ሀብት ነው፤ የምንቃወመውም አይደለም። ነገር ግን ማንኛውም ያልተሳካ ነገር «ከሸፈ» ሲባል የኖረ ተርጓሚ፣ ቃሉ ተመልሶ ወደ ጥይቱ ሲመጣ ጠባብ ፍቺውን ይዘነጋዋል።

ጉዳዩ በትምህርት መምሪያ ላይ ብቻ የሚቀር ቢሆን ይህን ያህል ባላስጨነቀን ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 26 ስለ መሰናዳት፣ በአንቀጽ 27 ስለ ሙከራ ለይቶ ይደነግጋል። አንድ ምስክር «ሽጉጡ ከሸፈበት» ካለ ምላጩ ተስቧል፣ መምቻውም ወርዷል ማለት ነው፤ የተከሳሹ ድርጊት ጥይቱ እምቢ እስካለበት ድረስ ተጉዟል። «ነከሰበት» ካለ ግን ገና ሲያቀባብል ብረቱ ይዞበት ሊሆን ይችላል፤ ምላጩ ስለ መሳቡ ቃሉ ምንም አይናገርም። ፍርድ ቤቱ የትኛው አንቀጽ እንደሚገባ የሚወስነው በማስረጃው ሁሉ እንጂ በአንድ ግሥ አይደለም። ሆኖም መርማሪው የምስክሩን «ነከሰበት» በጽሑፍ ቋንቋ አሳምሬ ልጻፈው ብሎ ወደ «ከሸፈበት» ቢለውጠው፣ ያልታየ የምላጭ መሳብ በመዝገቡ ውስጥ ይገባል። «ነከሰ» የመንገድ ቃል ነው ብለው ለሚንቁት የምናሳስበው ይህን ነው።

ስለዚህ ለሙያ ቃላቱ ዝርዝር የሚከተለውን እናቀርባለን። «ከሸፈ» በመጀመሪያ ፍቺው «ጥይት ተመትቶ ሳይተኮስ ቀረ» ተብሎ ይፈታ፤ ዘይቤያዊ ፍቺው ከዚያ በኋላ ይከተል። «ነከሰ» በራሱ ተራ ቍጥር «መሣሪያ ጥይትን ወይም ቀለህን ሲያቀባብል ወይም ሲያወጣ ይዞ ቆመ፤ የተንቀሳቃሽ ክፍሉ መዞር ወይም መንሸራተት ታጐለ» የሚል ፍቺ ይሰጠው። «አቀባበለ» ካዝና ላላቸው መሣሪያዎች ብቻ ይነገር፤ ለሪቮልቨር «አጎረሰ» ይበቃል።

ለሁለቱ ዓይነቶች ስምም ቢሆን የሚያስቸግር ነገር የለም። ባለ ካዝና ሽጉጥ የሚለው ግልጽ ነው፤ «ካዝና» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን «መጋዘን» ከሚለው ጋር የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። «ከፊል አውቶማቲክ» የሚለው አጠራር በሕግ ቋንቋ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ለተራው አንባቢ ግን መሣሪያው በአንድ መሳብ ብዙ ጥይት የሚተኩስ ስለሚያስመስለው ባንመርጠው እንወዳለን። ለሪቮልቨር «ባለ ከበሮ ሽጉጥ» እንዲባል እንጠቁማለን። ኢጣልያኖቹም ሩሲያኖቹም ክቡን ብረት በየቋንቋቸው ከበሮ ነው የሚሉት። አንድ ባልደረባችን የማሕሌቱን ዕቃ ለዚህ ማዋል ቅር አሰኝቷቸው «ታምቡር» ይሻላል ብለዋል፤ «የጆሮ ታምቡር» እንደምንለው ማለታቸው ነው። ይህ ለጉባኤው ውሳኔ ይቅረብ።

አንድ ነገር ሳይሰየም ቀርቷል። አቀጣጣይዋ ተቀጣጥላ ባሩዱ ግን ሳይነድድ ወይም ደክሞ ሲቀር፣ እርሳሱ ጥቂት ተጉዞ በአፈ ሙዙ ውስጥ የሚቀረቀርበት ጊዜ አለ። ድምፅ ስላለው ከሸፈ አይባልም፤ የተያዘው ጥይት ወይም ቀለህ ስላልሆነ ነከሰ ማለትም በሚገባ አይስማማውም። ሆኖም ከሁሉ የከፋው እርሱ ነው፤ ያላወቀ ሰው ሁለተኛ ጥይት ቢያስከትልበት መሣሪያው በእጁ ላይ ሊፈነዳ ይችላልና። የጠየቅናቸው የእንጦጦው አዛውንትም «አይቼዋለሁ፣ ስሙን ግን አልሰማሁም» አሉን። ከአንባብያን መካከል በየአገሩ የሚነገርለትን ቃል የሚያውቅ ካለ ቃሉን፣ የሰማበትን ወረዳና የተናጋሪውን ዕድሜ ጠቅሶ ቢጽፍልን በሚቀጥለው ዝርዝር ውስጥ እናስገባዋለን። እስከዚያው የተራ ቍጥሩን ቦታ ባዶ ትተነዋል።